የተጣፈበት የማይታወቅ፦ የልብስ ሰፊዋ አያታችን የሕይወት ታሪክ

ከልጅ ልጆቻቸው ሁሉ አያታችንን አብጠርጥሬ የማውቃቸው እኔ ነኝ። አንድ ክፍል ተኝተን፣ አንድ ሱቅ ውለን፣ ከእኔ የደበቁት አንድም ነገር የለም። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ባቆምም ይህን ጽሑፍ ለእኔ የሰጡኝ ለዚሁ ነው። አጎቴ «ቀልድ እንዳታስገቢበት» ብሎኛል። እሞክራለሁ።

አያታችን ከጫማ ሰሪ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከወንዙ ማዶ ባለች አንድ መስኮት ብቻ ባላት ቤት ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ነበሩ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ሙያ ሊማሩ አንዲት ቀሚስ ሰፊ ዘንድ ገቡ። ሴትዮዋ መቀሳቸውን ለተማሪ አይሰጡም ነበር፤ አያታችን፣ የእኛ እማማ፣ ክር መቁረጫ ሲጠይቁ «ጥርስ ምን ሊሠራ ተሰጠሽ?» ይሏቸው ነበር። እንግዲህ ክር በጥርስ መቁረጥ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ኋላ የራሳቸው መቀስ ሲኖራቸውም አልተዉትም። ፊት ጥርሳቸው ላይ ክሩ የሠራው መንገድ ነበር፤ እኔም በልጅነቴ በጣቴ ነክቼዋለሁ።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው የአውቶቡስ መካኒክ የነበሩትን ወንድ አያታችንን አገቡ። እሳቸው ከጋብቻው በፊት ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ለእማማ ደጋግመው ያመጡ ነበር። የመጨረሻ ጊዜ ሲያመጡት ጉልበቱ አርጅቶ ሳይሆን በመቀስ እንደተቀደደ እማማ ወዲያው አውቀዋል። ዝም ብለው ጣፉት። ከዚህ ትዳር እናቴንና አጎቴን አፈሩ።

ሱቃቸውን የከፈቱት እናቴ በተወለደች ዓመት ነው። ጠባብ ናት፤ ፊት ለፊት ትልቅ መስታወት፣ መሃል ላይ ደንበኛ የሚቆምባት በርጩማ፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለች ጓዳ። ደንበኛው ገና በር ላይ ሳለ ወገቡን በዓይናቸው ስለሚለኩት «እትዬ ልኬ» ተባሉ። ሜትር የሚያወጡት ደንበኛው እንዳይከፋው ብቻ ነበር። የወፈረውን ሰው ወፈርክ ብለውት አያውቁም፤ «ጨርቁ ሲታጠብ ገብቷል» ነበር የሚሉት። እዚህ ከቆማችሁት መካከል ጨርቅ የገባባችሁ ብዙዎች ናችሁ።

ስልሳ ዓመት ሳይሞላቸው የታች ጥርሶቻቸው አንድ በአንድ ረገፉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠርተው አስገቡ፤ ለጊዜውም ደህና ነበር። ይሁን እንጂ ጥርስ የሌለበት አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳልና መንጋጋቸው ከዓመት ዓመት ሳሳ። ጥርሱም እግር እንደማይሞላው ጫማ ይንሸራተት ጀመር።

አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ በርጩማዋ ላይ ቆማለች። እማማ ተንበርክከው፣ በከንፈራቸው ስፒል ይዘው የቀሚሷን ጠርዝ ያስተካክላሉ። «ዙሪ» ሊሏት አፋቸውን ሲከፍቱ ጥርሱ ከነስፒሉ ነጩ ቀሚስ ላይ ወደቀ። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ በሳቅ ፈረሱ። እማማም አብረዋቸው ሳቁ። በማግስቱ ግን የስፌት መኪናቸውን ወደ ጓዳ አስገቡት።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከመጋረጃው ጀርባ ሰፉ። ደንበኛ የምታናግረው እናቴ ሆነች። እኛን እንኳ የሚያናግሩን አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነበር። «ሰው ፊት ያልቆመች ሰፊ ምኗ ሰፊ ነው?» ይሉ ነበር። ምግብ አላማራቸውም፣ መልክ አላሳሰባቸውም፤ የፈለጉት ያቺን የፊት ቦታቸውን ነበር።

በመጨረሻ እናቴ እየጎተተች ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። እኔም ተከተልኩ። ሐኪሙ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ «እማማ፣ ጥርሱን በብሎን ልናስረው እንችላለን፤ ብሎኑን የሚይዝ አጥንት ግን የለም። መጀመሪያ አጥንቱን መገንባት አለብን» አላቸው። ከመንጋጋቸው የኋላ ክፍል ጥቂት አጥንት ወስዶ፣ ከተዘጋጀ የአጥንት ዱቄት ጋር ቀላቅሎ የሳሳው ቦታ ላይ እንደሚሞላው፣ በስስ ሽፋን ከድኖ ድዱን እንደሚሰፋው፣ ከዚያ የራሳቸው አጥንት እስኪበቅልበት ለወራት እንደሚጠበቅ አስረዳቸው።

እናቴ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ያዘች። እማማ ግን «ከጠርዙ ቆርጦ ክርኑን መጣፍ ነዋ! ይሄን ያህል ምን ያስለፈልፍሃል፣ ልጄ?» አሉት።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ስፌቱ ተከፈተና ምላሳቸው ላይ እንደ አሸዋ ያለ ነገር ይወጣ ጀመር። የተሞላው አጥንት ነበር። እናቴ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ሳትቀመጥ ጀመረችው።

«ስፌት ካልቻሉ ለምን አይናገሩም? እናቴ የሰፋችውን ሱሪ ሰው ሃያ ዓመት ለብሶት አይተረተርም!»

ሐኪሙ ላብ በላብ ሆኖ አፋቸውን በመብራት አየ። «የእኔ ስፌት አልተተረተረም፤ ተቆርጧል» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አብሬያቸው ነው የምተኛው። ማንም አልነካቸውም። የማላውቀው ነገር የለም!» ብዬ ማልኩ።

እማማ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱ። «ሐኪሙን ተዪው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በመስታወት ሳየው ጫፉ ተንጠልጥሏል። የተንጠለጠለ ክር ትቼ መተኛት አልችልም። ይቺ ስታንኮራፋ በትንሿ መቀሴ ነው የቆረጥኩት።»

«እማማ፣ ያንን ጫፍ እኮ ሆን ብዬ ነው የተውኩት! ቋጠሮው እንዳይፈታ ነው። ክሩን ሳወጣውም የምይዘው እሱን ነው» አለ ሐኪሙ።

«ታዲያ ለሰፊ ይሄ ቀድሞ አይነገርም?»

አላንኮራፋም። ያም ሆነ ይህ፣ ድዱ እስኪያገግም ተጠብቆ ሥራው እንደገና ተሠራ። ሐኪሙም «ይሄኛው ከተበላሸ ደግሜ የምወስድበት ቦታ የለኝም» ብሎ በግልጽ ነገራቸው። እማማ ቦርሳቸውን ከፍተው ትንሿን መቀስ አውጥተው ሰጡት። «እስክድን አንተ ጋ ትቀመጥ። እኔን አትመነኝ» አሉት። መቀሷ ሐኪሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈች።

ያን ሁሉ ወራት የቤታችን ሥራ እማማን መጠበቅ ሆነ። እጃቸው ልማዱን አልተወምና ስፌት በጨረሱ ቁጥር ክሩን ወደ አፋቸው ያስጠጋሉ። ከየአቅጣጫው «እማማ!» እንላለን። ደንግጠው ያወርዱታል። አጎቴ አንድ ቀን ከመንገድ ማዶ ሆኖ ጮኸ። ለስላሳ ምግብ ብቻ እየበሉ ቀሚሳቸው ሰፋባቸው፤ እኔም «ጨርቁ ለቅቋል እንጂ እርስዎ አልከሱም» ብያቸው በሜትር ተመትቻለሁ።

ሐኪሙ ሁለተኛውን ራጅ ሲሰቅል እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እማማ ወንበራቸውን ስበው ቀረቡ።

«ያኔ ጥቁር የነበረው ይኸው ነጥቷል። ይዟል፣ እማማ» አለ ሐኪሙ።

እማማ ምስሉን ልክ ጨርቅ እንደሚመረምሩት ከዳር እስከ ዳር አዩት። «የተጣፈበት አይታወቅም» አሉ። በሕይወታቸው ለሌላ ሰፊ እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ብሎኖቹ ገቡ፤ እነሱም ከአጥንቱ ጋር እስኪገጥሙ ተጠበቀ። አዲሱ ጥርስ ሲገጠም ተጭነው እንደሚዘጉት የቀሚስ ቁልፍ ቀጭ ብሎ ያዘ። ሐኪሙ መቀሷን ሲመልስላቸው እማማ በክር አሥረው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክር በጥርሳቸው ቆርጠው አያውቁም። ስፒላቸውንም እናቴ በሠራችላቸው የእጅ አንጓ ትራስ ላይ ይሰኩ ነበር።

የስፌት መኪናውን እኔና አጎቴ ተሸክመን ወደ ፊት መለስነው። ከጊዜ በኋላ ያቺ ሙሽራ ያንኑ ቀሚስ ለታናሽ እህቷ ልታስጠብብ እህቷን አስከትላ መጣች። በር ላይ ቆማ አንገቷን ደፋች። እማማ በርጩማዋን በእግራቸው ገፋ አድርገው ለእህትየዋ «ውጪባት» አሏት፤ ከዚያ አፋቸውን ሳይሸፍኑ፣ ጮክ ብለው «ዙሪ!» አሉ። ማንም አልሳቀም። ኋላ ግን ሁላችንም ሳቅን፤ እማማ ከሁላችን በላይ።

አያታችን በዚያች ቦታ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሰው ፊት ቆመው ሠርተዋል። ባደረባቸው የልብ ሕመም በቤታቸውና በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሰባ አራት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ልካቸውን በልባቸው የያዙላቸውን ደንበኞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሐኪማቸውም እዚህ ቆሟል፤ ሱሪውን ያሳጠሩለት እሳቸው ናቸው። ፈጣሪ ድካማቸውን ቆጥሮ ነፍሳቸውን ሰፊ ቦታ ላይ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።

ሊያርፉ ሳምንት ሲቀራቸው አልጋቸው ጫፍ ተቀምጬ «እማማ፣ የሕይወት ታሪክዎን የምጽፈው እኔ ነኝ። እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው ያያሉ፤ ሰው ሁሉ ነው የሚያለቅሰው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ሰው በእግሩ ቆሞ ነው የሚሰማሽ» አሉ። «አሳጥሪው።»