ነፋስ እንዳይገባ ላዘዙልን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የሕንጻችን አስተዳደር ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ጣሪያ ላይ ያለ ዕረፍት ለሚሽከረከረው ማራገቢያ ሙሉ ጤንነትን በትሕትና እመኛለሁ። እኛ ሙቀቱ ከገባ ወዲህ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከመቀቀል በስተቀር ሌላ ችግር የለብንም።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ከሰው ሁሉ ደብቄ የኖርሁትን አንድ ነገር በዚህ የሕንጻው መግቢያ ሰሌዳ ላይ፣ ወጪ ወራጁ በሚያነበው ቦታ፣ ላሳውቅዎ እወዳለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት «በጓሮ በኩል ባሉት መስኮቶች የሚገባው ነፋስ ጤናችንን እያወከ ስለሆነ ይታሸጉልን» የሚል ማመልከቻ ደርሶዎት ነበር። ከሥሩ «ነዋሪዎች» ተብሎ ተፈርሟል። ክቡርነትዎ፣ ያ «ነዋሪዎች» የተባለው ሕዝብ እኔ ነኝ። ብቻዬን። ሦስተኛ ፎቅ በስተግራ የምኖረው፣ ሚስቴ የሞተችብኝ፣ ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ። ጎረቤቶቼ ይህን አንብበው ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ የሚሉኝን ይበሉኝ፤ ይገባኛል።

ስለ ፍጥነትዎ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። የደረጃው መብራት ከተቃጠለ ጀምሮ ነዋሪው ግድግዳ እየዳበሰ ነው ቤቱ የሚገባው፤ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር በባልዲው ይጫወት የነበረ የጎረቤት ልጅም ዛሬ ጢሙን ይላጫል። የኔ ማመልከቻ ግን ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ የጥገና ሠራተኛዎ እያፏጨ መጥቶ የጓሮውን መስኮት በሙሉ በጠፍጣፋ ብረትና በብሎን ጥርቅም አድርጎት ሄደ። ይዘጋልን ላለ ሰው እንዲህ የሚታዘዝ መሥሪያ ቤት በሕይወቴ አላየሁም።

ለምን እንደጻፍሁት ደግሞ ላስረዳ። ባለቤቴ በታመመች ጊዜ አልጋዋ ከዚያ መስኮት ሥር ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ «ትንሽ ክፈትልኝ፣ አየር አጣሁ» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በአውቶቡስ ውስጥ የጨረስሁ ሰው ነኝ፤ አንዱ ከኋላ «ኧረ ክፈቱልን፣ ታፈንን እኮ!» ሲል ሌላዋ ከፊት «ዝጋው አንተ ሰውዬ፣ ልትፈጀን ነው እንዴ፣ ልጅ ይዣለሁ!» ስትል በመሃል ቆሜ የምዳኘው እኔ ነበርሁ፣ ሁልጊዜም የምፈርደው ለሚዘጋው ነበር። በላቡ የሞተ ተሳፋሪ አላጋጠመኝም፤ ነፋስ መታኝ ብሎ አንገቱ የጠመመበት ግን ስንቱን አይቻለሁ። ስለዚህ ለባለቤቴም ያንኑ ፈረድሁ።

እሷ ግን የዋዛ አልነበረችም። እኔ ወጣ ስል ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ጠርታ ታስከፍታለች፤ ስመለስ እዘጋለሁ፤ ስወጣ ይከፈታል። እንዲህ ከመነታረክ ብዬ ማመልከቻዋን ጻፍሁ። መስኮቱ የታሸገ ዕለት «ምን ላድርግሽ፣ የአስተዳደሩ ትእዛዝ ነው» አልኋት። «እነሱን ደግሞ ምን አገባቸው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችኝም። ሚስት ከባሏ ጋር ትከራከራለች፤ ከትእዛዝ ጋር ግን ማን ይከራከራል? የእርስዎን መሥሪያ ቤት ጥቅም የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ሙቀቱ ሳያልፍ እሷ አለፈች።

አሁን በዚያው አልጋ ላይ ያሉት እናቷ ናቸው። ለልጃቸው ቀብር መጥተው በዚያው ቀሩ፤ እኔ እሳቸውን ላስታምም ይሁን እሳቸው እኔን ያስታምሙ እስካሁን አልተለየም። ዘንድሮ ልባቸው ደከመ፤ ሳንባቸው ውኃ ቋጠረ። ሐኪሙ «ከዚህ በላይ የምጨምረው መድኃኒት የለኝም፤ የቀረቻቸውን ጊዜ አየር ያለበት ቦታ ያሳርፏቸው» ብሎ አሰናበተን። የቀረቻቸውን ጊዜ ማለቱን እሳቸውም ሰምተዋል፤ ጆሯቸው ከኔ ይሻላል።

እንግዲህ አቤቱታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቤታችን ሙቀት። መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኋትን የጸሎት ሻማ ወገቧን አጥፋ ሰግዳ አገኘኋት፤ ከኔ እሷ ትሻላለች ብዬ መሳቢያውን መልሼ ዘጋሁት። ጠዋት የፈላ ወተት ለምሳ አይደርስም። ግድግዳው ያልበዋል፤ የመስኮቱ ብረት ከሰዓት በኋላ እጅ ያቃጥላል። አንዲት ዝንብ በመስታወቱና በብረቱ መሃል ገብታ እዚያው ቀርታለች፤ እሷም ማመልከቻ ሳታስገባ አልቀረችም። አማቴ መጋደም ስለማይችሉ በሦስት ትራስ ተደግፈው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እያንዳንዷን ትንፋሽ ከሩቅ እንደሚጎትት ሰው እየጎተቱ ይቀመጣሉ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ስትነሳ በልብስ ልክ ማውጫ ካርቶኗ ታራግብላቸዋለች፤ «አይዞዎት እማማ፣ ዛሬ የእጅጌውን ነው ያመጣሁት፣ ነገ የቀሚሱን አመጣለሁ፣ እሱ ሰፋ ይላል» ትላቸዋለች። እሳቸውም «የካፖርት አትሰፊም እንዴ አንቺ?» ይሏታል።

ሁለተኛ፣ በቢሮዎ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ። «መስኮቱ ይከፈትልን» የሚል ማመልከቻ ይዤ ስመጣ ጸሐፊዎ ወንበር ሰጥታ ተቀበለችኝ። ማኅደሩን አገላብጣ «አባባ፣ ይታሸግልን ያሉት ነዋሪዎች ናቸው፤ ይከፈት የሚሉት ግን እርስዎ አንድ ሰው ነዎት። ለአንድ ሰው ብለን የነዋሪዎችን ጥያቄ እንሻር? ነዋሪዎች ራሳቸው መጥተው ይሰረዝልን ይበሉ» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ «ልክ ነሽ ልጄ» ብዬ ወጣሁ። ነዋሪዎች እኮ ከፊቷ ተቀምጠው ነበር፤ ወኔ አጡ እንጂ።

በሌላ ቀን እርስዎ ዘንድ ለመግባት ታደልሁ። ሁለቱም መስኮቶችዎ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ መጋረጃዎ ይጨፍራል፤ ወረቀቶችዎ እንዳይበሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭኗቸዋል። ከድንጋዩ ሥር «ይከፈትልን» ያልሁበትን የእጅ ጽሑፌን አወቅሁት። እኛ ባይደርሰንም ማመልከቻዬ ነፋሻ ቦታ በማረፉ ከልብ ደስ ብሎኛል። «አባት፣ እኔ ምን ላድርግ፣ መመሪያ ነው» አሉኝ፤ ብረቱን የነካ ነዋሪም ቤቱን በአስቸኳይ እንደሚለቅ በጨዋ አንደበት አስታወሱኝ። ያን ጊዜ ቃል ያጠረኝ እርስዎን ፈርቼ እንዳይመስልዎ። በእርስዎ አፍ የሚናገረው እኔው ራሴ መስሎኝ ነው የደነገጥሁት።

ሦስተኛ፣ ስለ አማቴ እርግማን። በየማለዳው አብረን እንጸልያለን። ጸሎቱ ሲያልቅ እሳቸው የራሳቸውን ይቀጥላሉ፤ «ይህን መስኮት ያሳሸገ ሰው እንደ እኔ ትንፋሽ ይጠረው፤ ክፈቱልኝ ብሎ የሚከፍትለት ይጣ» ይላሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «አሜን በል እንጂ፣ ምን ይለጉምሃል» ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ። እሳቸው እርስዎን የሚረግሙ ይመስላቸዋል፤ አንዳንዴም «ያ ሥራ አስኪያጅ አማት የለውም? ካለው እሷን ይላክልኝ፣ እኛ እንግባባለን» ይላሉ። በእርስዎ ስም የሚወርደውን ሁሉ እኔ በየቀኑ አሜን እያልሁ ስረከብልዎ ስለከረምሁ ምስጋና ባልጠብቅም፣ እንዲታወቅልኝ ግን እፈልጋለሁ።

አራተኛ አቤቱታ ነበረኝ፤ በሙቀቱ ምክንያት ጠፍቶብኛል። እንደደረሰዎትና በመታየት ላይ እንዳለ አድርገው ይቁጠሩልኝ።

ይህን ሁሉ ስል ውለታዎን የዘነጋሁ እንዳልመስል ባለፈው ሰሞን ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ስላስለጠፉት ባለ ቀለም ማስታወቂያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። «በሙቀት ወራት ለጤናዎ» ይላል፤ «ውኃ ደጋግመው ይጠጡ፤ መስኮትዎን ከፍተው ንጹሕ አየር ያስገቡ።» ለአማቴ አነበብሁላቸው። ሳቁ። የሳቁት ሳል ሆነባቸውና ትንፋሻቸው እስኪመለስላቸው ድረስ ጀርባቸውን ደግፌ ቆየሁ። በዚህ ወር ያሳቃቸው መሥሪያ ቤት የእርስዎ ብቻ ነው።

ክቡርነትዎ፣ ብዙ የተማርሁ ሰው አይደለሁም፤ ራሴን ስመረምር ግን ሌላም ነገር አገኛለሁ። ነፋሱን መፍራቴ እውነት ነው፤ እውነቱ ግን እሱ ብቻ አይደለም። መስኮቱ ሲከፈት የባለቤቴ ሳል ጓሮውን ይሞላው ነበር። በማግሥቱ ያገኘኝ ሁሉ «ዛሬስ እንዴት አደረች?» ይለኛል። «ደህና ናት» ማለት ሰለቸኝ። ደህና አይደለችም ማለትም አልቻልሁም። ጥያቄው እንዲቀርልኝ ብዬ ነው የዘጋሁት። በጸሎቴ «ይቅር በለን» የምትለዋ ቦታ ስደርስ፣ እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማልፋት። እርስዎ መስኮት የሚዘጉት ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ክፉ ሰው ሆነው አይመስለኝም። ምናልባት እርስዎም የሆነ ጥያቄ ሰልችቶዎት ይሆናል።

ይህ ደብዳቤ አንዳች ነገር ያስለውጣል ብዬ ተስፋ አላደረግሁም። ስብሰባ ይጠራል፤ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፤ ሙቀቱ ያልፋል፤ ብርዱ ይመጣል፤ ያን ጊዜ መስኮቱ መዘጋቱ ትክክል እንደነበር ይገለጻል። አማቴ ያን ስብሰባ አይደርሱበትም።

ትእዛዝዎን አክብሬ በመታዘዝ የኖርሁ፣ ከመታዘዝም አልፌ ትእዛዙን ራሴ ያረቀቅሁልዎ፣ ላበረከቱልን ጥላ፣ ጸጥታና ላብ በነዋሪዎች ስም፣ ማለትም በራሴ ስም፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

አክባሪዎ፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለአማቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። ስጨርስ አንድ ትንፋሽ ጎትተው «ልጄንም ትእዛዝ ነው አልሃት?» አሉኝ። «አዎ፣ እማማ» አልሁ። ይረግሙኛል ብዬ አሜን ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። አልረገሙኝም፤ ይቅርም አላሉኝም። «ታዲያ ተቀምጠህ ምን ታነብልኛለህ፣ ተነስና ክፈተው» አሉ።

ብሎኖቹ ዝገው አልፈታ ስላሉኝ ከልብስ ሰፊዋ ወንድም መዶሻና መሮ ተውሼ መስኮቱን ከነማቀፉ፣ ከነብረቱ ነቅዬ አወጣሁት። የገባው አየር እንደ ማስታወቂያዎ ንጹሕ አይደለም፤ የአውቶቡስ ጭስና የታችኛው ፎቅ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። አማቴ ሳብ አድርገው ቀመሱትና «ይኸው ነው?» አሉ። ቢሆንም ትራሳቸውን ወደዚያ እንዳዞርላቸው ጠየቁኝ፤ አዞርሁላቸው።

ቤቱን ልቀቁ የሚለውን ደብዳቤዎን እየጠበቅን ነው፤ እንደ ልማድዎ ከዘገየ ግን ከሁለታችን እሳቸው ቀድመው ለቀው ያገኟቸዋል። መስኮቱ የሕንጻው ንብረት መሆኑን ስለማውቅ መስታወቱን ወልውዬ፣ አንድም ቦታ ሳይሰነጠቅ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ ሦስቱንም ፎቅ አውርጄ በቢሮዎ በር ላይ አስደግፌዋለሁ።