ጠርሙስ ውስጥ የቆየ ውሃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ከተዘጋው የማዕድን ማውጫ የሚወርደው ውሃ ናሙና ላብራቶሪ ደረሰ። ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ፣ እንደተለመደው ሁለት ቀን መንገድ ላይ የቆየ። አጣራሁ፣ ለካሁ፣ መዘገብኩ። ዝገቱ ማጣሪያው ላይ ቀረ። አልፎ የወረደው ውሃ ንጹህ ነው... እንደ ሁልጊዜው።
አባባ ከሞተ ሁለት ወር ሞላው። ሰው ሁሉ አይዞህ ይለኛል። ምኑን? ምንም አልተሰማኝም እኮ። ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ታላቅ እህቴ ደወለች። ከማዕድን ማውጫው ግርጌ፣ አባባ ቤት፣ አሁን ብቻዋን ናት።
«የበርሜሉ አሸዋ ይቀየር እንዴ?»
ከማዕድን ማውጫው የሚወርደውን ውሃ እያጣሩ እንዲጠጡ የአሸዋ ማጣሪያውን የሠራሁላቸው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። አባባ ከሩቅ ምንጭ መቅዳቱን የተወው ያኔ ነው። ጎረቤቶቹም እሱን አይተው ሠሩ።
«አጥበሽ መልሺው» አልኳት።

አርብ፣ ጥቅምት 8
ናሙና የሚያመጣልን ሾፌር ታመመ። ራሴ ሄድኩ። መኪናው እዚያው አልነሳ አለ። ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት አለች ሴትዮዋ... መካኒኩ እስኪመጣ ሦስት ጠርሙስ ወራጁ ውሃ ዳር ቁጭ ብዬ ጫፉ ላይ ማጣሪያ ባለው ሲሪንጅ አጣራሁ። የቀረውን ሳላጣራ ይዤ መጣሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
እዚያው ያጣራሁት ውስጥ አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ከሚፈቀደው ዐሥራ አንድ እጥፍ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት። ያው ነው። ጠርሙስ ውስጥ ቆይቶ ዛሬ ያጣራሁት ግን ንጹህ።
ገባኝ። የዝገቱ ብናኝ ወራጁ ውስጥ ሳለ እጅግ ደቃቅ ነው። መርዙን ተሸክሞ በማጣሪያው ሾልኮ ያልፋል። ጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይወፍራል፣ ያኔ ይያዛል። ስድስት ዓመት እንዲህ ስንለካ ኖርን። ወደ አባባ በርሜል የሚገባው ግን ከወራጁ በቀጥታ ነው።
እጄን ታጠብኩ። ወደ ቤት ሄድኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ለአለቃዬ አሳየሁት። መነጽሩን አወለቀ።
«በሦስት ጠርሙስ የስድስት ዓመት ሥራ ልትንድ ነው? ሄደህ ድገመው። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»
«እህቴ እየጠጣችው ነው።»
መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ለእህትህ እንግዲህ... አንተ ታውቃለህ።»
ጎረቤቶቹስ? አልጠየቅኩትም። ፈሪ ነኝ።
ከቢሮ ሳልወጣ ደወልኩላት። አትጠጪው አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት።
«አባባን የገደለው እሱ ነው?»
«አላውቅም።»
ኩላሊቱ ነው ያሉት። ከምን እንደመጣ ሐኪሙም አላወቀ።
«አላውቅም እኮ ነው የምልሽ!»
ዘጋችብኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
አልደወለችም። አሁንም ምንም አልተሰማኝም። ሰው እንዲህ ደንዝዞ ይቀራል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21
ምርመራውን ልደግም ወራጁ ዘንድ ሄድኩ። እህቴ ለካ በደወልኩላት ዕለት ጎረቤቶቹ ጋ ቤት ለቤት ዞራ «ወንድሜ ተሳስቷል፣ አትጠጡት» ብላ ነግራቸዋለች። ሁሉም ወደ ሩቁ ምንጭ ተመልሰዋል። እኔ ያልደፈርኩትን እሷ አደረገችው።
ወራጁ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። ሰላም አላለችኝም። ጎረቤታችን ሽማግሌውም መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር።
«አባትህ ነው ጠጡ ያለን» አሉ። «ልጄ ነው የመረመረው እያለ፣ ደረቱን ነፍቶ። እንዲያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም።»
ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባባ... አባባ ሞቷል እኮ።
ማንም አላባበለኝም።
እህቴ ሲሪንጁን ከእጄ ወሰደች።
«እንዴት ነው የሚገፋው?»
«ቀስ ብለሽ» አልኳት።