ኪኒኑን ከተውኩ ወዲህ

ሰኞ፣ ቢቸና

ዛሬም የለም። ጠዋት አየሁ፣ በእረፍት ሰዓት አየሁ፣ ምንም። ኪኒኑን ያቆምኩት ለመስቀል ነበር፤ ይኸው የገና በዓል እየደረሰ ነው። ስውጠው የወር አበባዬ ከደመወዛችን በተሻለ ቀኑን ጠብቆ ይመጣ ነበር። አሁን ሰውነቴ ምን እያሰበ እንደሆነ እንጃ። ጡቴን ያመኛል። ማበጠሪያው ፀጉር ይዞ ይወጣል። ብጉር፣ ያውም በዚህ ዕድሜዬ! ከስድስተኛ ክፍል ሴት ተማሪዎቼ ጋር እኩያ ሆንን። ያ ራስ ምታት ግን ለቀቀኝ፤ ይህን አልክድም።

ሙሉዓለም “አርግዘሽ ይሆናል” ይላል። ባሌ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ያለ ማስረጃ ሲፈርድ ግን የሚያህለው የለም። በኪኒኑ ልጁን ያዘገየነው የመምህራን ማሠልጠኛውን እስክጨርስ ብለን፣ ሁለታችን ተስማምተን ነው። እናቱ ይህን አያውቁም። “እግዜር ሲፈቅድ” እያሉ ይጠብቃሉ።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ። ከአማቴ ከእማማ የውብዳር ጋር ግቢያችን አንድ ነው። ጠዋት ባልዲውን ከእጄ ነጠቁኝ። “ተይ! ከእንግዲህ አንቺ ውኃ አትሸከሚም” አሉ። ምነው ስል ሳቁ። ለካ እሑድ እሑድ የት እንደምቆም ሲያዩ ኖረዋል! የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው የምታስቀድሰው። እኔ ከመስቀል ወዲህ አንድም እሑድ ውጭ አልቆምኩም። እሳቸው ነገሩን ገጣጥመው ጨርሰዋል። ለማርያም ጥላ ተስለዋል። ለንስሐ አባታችን ነግረዋል። የአራስ ገንፎው ገብስ ሳይቀር ተለቅሟል!

“ገና አላወቅኩም እኮ፣ እማማ” አልኳቸው።

“መጀመሪያ ላይ ማን ያውቃል?” አሉ።

እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ፈራሁ። ባይሆንስ? ጭራሽ ባልወልድስ? ሴቶቹ ኪኒን ማሕፀን ያደርቃል ይላሉ። አስተማሪ ነኝ፣ አላምንም። ብቻዬን ስሆን ግን አምናለሁ።

ዓርብ

ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ቆሜ፣ ክፍል ውስጥ አለቀስኩ። አንዷ ልጅ ማባዛት ተሳሳተች፣ ሌላ ምንም አልሆነም። የጠመኔ ብናኝ ዐይኔ ገባ አልኳቸው። ነገ ሞጣ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ሞጣ

በጭነት መኪና፣ ጋቢና ውስጥ፣ በሁለት ነጋዴዎች መሐል። ወገቤ ተቆረጠ። ዘቢዳ እዚህ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ስንማር ጎረቤታሞች ነበርን። ሆዴን ዳሰሰች፣ ብዙ ጠየቀች። “እርግዝና አይመስለኝም” አለች። ቀጥላ ደግሞ ያላሰብኩትን ነገረችኝ፦ ኪኒን ስውጥ የማየው ደም የራሴ የወር አበባ አልነበረም፤ ከኪኒኑ ለጥቂት ቀን ሳርፍ የሚመጣ ነው። “የራስሽ የወር አበባ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። እስኪነቃ አንዳንዷ ላይ ወራት ይፈጃል። ያደርቃል የሚሉት ወሬ ነው።”

“ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ከቅጥር ውጭ የቆምኩት ለኪኒኑ ነው?”

“እሱን ቄሶቻችሁን ጠይቂ!” ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። እማማን ምን ልበላቸው?

እሑድ

ተመለስኩ። እማማ ተልባ በጥብጠው ጠበቁኝ። ምንም ሳልነግራቸው ጠጣሁት።

ማክሰኞ፣ የማርያም ዕለት

መጣ! ጎሕ ሲቀድ፣ ከነቁርጠቱ። ብቻዬን ሳቅኩ። ወዲያው እማማ ከደጅ “ተነሺ፣ ከትምህርት በፊት እንሳለም” አሉ። ሳቄ ጠፋ።

ቅጥሩ በር ላይ ስንደርስ ቆምኩ። እሳቸው ገብተው ዘወር ሲሉ አዩኝ። ፊታቸው ጠቆረ። ተመልሰው ወጡና ከጎኔ ቆሙ። “ወረደብሽ፣ ልጄ?” አሉ። ዐይናቸው ዕንባ ሞልቷል።

ላልነበረ ልጅ ሲያለቅሱ ማየት አልቻልኩም። ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ኪኒኑን፣ ስምምነታችንን፣ ዘቢዳ ያለችውን። ዕንባቸውን ጠረጉና፦

“ያ መስኮቱ ላይ የነበረው ጥቃቅን እንክብል?”

“አዎ፣ እማማ።”

“አንች! ለራስ ምታትሽ መስሎኝ እኔም ሁለቱን ውጫለሁ እኮ! ባሰብኝ እንጂ መች ተወኝ።”

ከት ብዬ ሳቅኩ፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ። እሳቸው አልሳቁም። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። ተቀይመው ይሆን? ሲወጡ “ስለቱስ?” አልኳቸው።

“እንደተሳለ ነው። ማርያም እንደኔ አትቸኩልም። ገብሱን ግን ሳይነቅዝ እንብላው።”

ቤት ስንደርስ ባልዲውን መልሰው አስያዙኝ። ሆዴን እየቆረጠኝ ወደ ምንጩ ስወርድ አለቀስኩ። ደስታ ይሁን ሌላ፣ እስካሁን አልገባኝም።