ብረቱ ሲዝግ

መጋቢት 4
ስድስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ድምፄ ተዘጋ። ከሰዓት መብራት ስለነበረ ኮምፒውተር ክፍል ቀርቼ ለገበሬዎች የምሠራውን የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ጌሙን፣ ከፈትኩት። አንድ ማሳ፣ ድንጋዮች፣ መሀሉ ላይ ከጦርነቱ የተረፈ ያልፈነዳ ሞርታር። ተጫዋቹ ከነካው ያበቃለታል። ርቆ ቆሞ ለሰው ከተናገረ ያልፋል።
እንዳለው የሚባለው ወንድሜ አምና ማሳ ላይ ድንጋይ ሲለቅም እንዲህ ያለውን አንስቶ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ባያጣ ኖሮ ይህን አስበው ነበር? እንጃ...

መጋቢት 6
አባባ ከዳባት ደባርቅ ለገበያ መጥተው እኔ ዘንድ ጎራ አሉ። ጌሙን አሳየኋቸው።
«ይኸ የሚያብረቀርቀው ምንድን ነው?»
«ሞርታሩ ነዋ፣ አባባ።»
«እንዲህ ቢያበራማ ማን ይነካዋል? እንዳለው እኮ ድንጋይ መስሎት ነው። ዝጎ፣ ጭቃ ለብሶ...»
ልክ ናቸው። የትም የሌለ ነገር ላስተምር ነበር።

መጋቢት 11
ለሞርታሩ ሦስት መልክ አዘጋጀሁለት፦ አዲስ፣ የዛገ፣ ጭቃ የለበሰ። አሁን ትእዛዙን የምጽፍበት ኮድ፣ ስክሪፕቱ፣ ነው የቀረው። ጌሙ ውስጥ አንድ ክረምት ባለፈ ቁጥር የሞርታሩን ማቴሪያል እንዲለውጥ። ለተማሪዎቼ «የዕቃው ቆዳ ማለት ነው» የምላቸውን... ቅርጹ ያው፣ ቆዳው ሌላ።

መጋቢት 12
ሠራ! ግን ሞርታሩ ሲዝግ ማረሻውም፣ ባልዲውም፣ የቤቱ ቆርቆሮም አብረው ዛጉ። ጭቃ ሲለብስ ሁሉም ጭቃ። ሳቅኩ። ከዚያ ልቅሶ ቃጣኝ።

መጋቢት 13
አሁንም ያው።

መጋቢት 16
ጎንደር ላለው ለየሺዋስ ደወልኩ። ኮሌጅ አብረን ነው የተማርነው። ስንት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ... አልተቀየመኝም። ኮዱን አነበብኩለት።
«ዘቢደር፣ የምትቀይሪው የጋራውን ማቴሪያል ነው እኮ! ብረቶቹ ሁሉ የለበሱት እሱኑ ነው። ለሞርታሩ የራሱን ቅጂ ስጪውና እሱን ብቻ ቀይሪ።»
አንድ መስመር ነበር። አንድ! ሞርታሩ ብቻውን ዛገ። እግዜር ይስጥህ፣ የሺዋስ።

ሚያዝያ 5
አባባ «አምጪውና ሰው ይየው» ብለው ላፕቶፑን ይዤ ዳባት ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ ከፊት ተቀመጡ።
«እስቲ እንደገና አዝጊው» አሉኝ። አዛግሁት። «እስቲ ደግሞ ጭቃውን።»
አራት ጊዜ አስደገሙኝ። በአራተኛው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው፣ «ይቺ ጅራቱ ላይ ያለችው ክንፍ ግን ዝጎም ጭቃ ለብሶም ቅርጿ አይለወጥም» አሉ።
እኔ ይህን አላስተዋልኩም ነበር። እንዳለው ከግቢ አልወጣም ብሎ ቀረ።

ግንቦት 9
አባባ ደወሉ። በዚህ ሰዓት ደውለው አያውቁም። ምን ሆኑ ብዬ...
እትዬ ወርቄ ማሳቸው ላይ ድንጋይ ሲለቅሙ ጭቃ የለበሰ ነገር ሊያነሱ ጎንበስ ብለዋል። ክንፏን አዩ። እጃቸውን ሰበሰቡ፤ በመጡበት ዱካ ተመልሰው መንገድ ላይ ቆሙ። ሰው እንዳይገባ እየጮሁ ፖሊስ እስኪደርስ አልተነቃነቁም።
ተመስገን። ሌላ ምን ይጻፋል?

ግንቦት 13
ባለሙያዎች መጥተው እዚያው አፈነዱት። ማንም አልተጎዳም። እትዬ ወርቄ በስልክ መረቁኝ። እኔ ደግሞ «ክንፏን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። ለየሺዋስም ነገርኩት።

ግንቦት 16
እንዳለው ዛሬ ደባርቅ መጣ። ብቻውን፣ በሚኒባስ!
«የሚመጣው ቅዳሜ ጌሙን ይዘን መካነ ብርሃን እንሂድ» አለኝ። «አንቺ ታሳያለሽ፣ እኔ እናገራለሁ።»
«ምን ትላቸዋለህ?»
«የሆንኩትን።»
ከአደጋው ወዲህ በር ድረስ እንኳ ውጣ ብለን ስንለምነው የኖርነው ልጅ... አሁን አጠገቤ ተቀምጦ የሚናገረውን እየጻፈ ነው። እስክሪብቶውን በቀሩት ሁለት ጣቶቹ መሀል ይዞታል። ፊደሉ ይንሻፈፋል፤ ግን ይነበባል።