ለግርማ የተላከው ጠላ

ጥቅምት 23 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ አሰላ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

እናቴ አሁንም ገብስ ትቆላለች፤ ለጠላው። ቤቱ በጢስ ታፍኗል። ት/ቤት ሊረፍድብኝ ነው፤ የማስተምራቸው የሁለተኛ ክፍል ልጆች ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ትናንት አይሆንም ብያት ነበር። ጠላ በአውሮፕላን! ሰው ይስቅብናል። እሷ ግን ማማሰል ብቻ።

ማስታወሻዬ፣ ግርማን ታውቂዋለሽ፤ ታናሽ ወንድሜን። የሚሠራበት የስዊድኖች የእርሻ ልማት መ/ቤት የትራክተር ጥገና እንዲማር ስዊድን ከላከው ዓመት አልሞላውም። አሁን ስቶክሆልም ሆስፒታል ተኝቷል። የደም በሽታ ነው አሉ። ምግብ እምቢ ብሏል። ባለፈው በስልክ ያለው አንድ ነገር ብቻ፦ የእማዬ ጠላ አማረኝ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አትሰማም።

ጥቅምት 25

የግርማ መ/ቤት ፈረንጅ አለቃ አስጠራኝ። ለቤተሰብ የአውሮፕላን ቲኬት ተፈቅዷል። ለአንድ ሰው። ለምን አሁን? አልኩት። አንገቱን ደፋ። ጠረጴዛውን በጣቱ ጠረገ፤ አቧራ እንኳ የለበትም። ገባኝ።

እናቴን አንቺ ሂጂ ብዬ ለመንኳት። እናቱ እሷ ናት። እሷ ግን፣ አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ፣ እኔ ሐኪሙን በምን አፌ ልጠይቀው? አለችኝ። ፈረንጁ አንገቱን መድፋቱን አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ?

ጥቅምት 30

ተጠነሰሰ። ገብሱን ከበቆጂ ነው ያስመጣችው፤ የገበያችንን አላመነችውም። ጌሾውን ማንንም ሳታስነካ ራሷ ወቀጠች። ዛሬ ታንጎራጉራለች። ልጇ እየሞተ ታንጎራጉራለች! አንገሸገሸኝ። ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። ደግሞ እንዲህ በማሰቤ አፈርኩ። ምን ታድርግ? አታውቅም። አለማወቋ ያስቀናል።

ኅዳር 8

ጠላው ገና እየፈላ ነው። ትንሽ ቢቆይ ይሻለው ነበር፤ እናቴም ራሷ ትላለች። አውሮፕላኑ ግን ነገ ማታ ነው። አጥልላ አራት ጠርሙስ ሞላች። ቡሾቹን በሲባጎ ጠፍራ አሰረች። ጠርሙሶቹን ለብርዱ ብዬ የገዛሁትን ሹራብ አለበሰቻቸው።

ኅዳር 9፣ አ.አ.፣ ቀትር

በጠዋት ተሳፈርኩ። እናቴ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። የጠርሙሶቹን ዘንቢል ጭኔ ላይ አስቀመጠች፣ ሹራቡን አስተካከለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦

«ሙሉዬ፣ መዋጥ ካቃተው ከንፈሩን አርጥቢለት።»

ለካ ታውቃለች። ከመጀመሪያውም። አውቶቡሱ ተነሳ።

ኢተያን እንዳለፍን አንዱ ጠርሙስ ፈነዳ። መኪናው በሳቅ ደመቀ። ሾፌሩ ዞሮ፣ የማን ሰርግ ነው? አለ። ለታመመ ወንድሜ ነው፣ ውጭ አገር ነው ያለው አልኩ። ሳቁ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ቀስ እያለ፣ በመስታወት ዘንቢሉን እያየ እስከ አ.አ.። ያ ሰው ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ማዘኑ ባሰብኝ።

ኅዳር 10፣ አውሮፕላን ውስጥ

ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ከፍ እንዳልን ከሦስቱ ጠርሙሶች ሁለቱ ተከታትለው ፈነዱ። እንደ ጥይት! ሰው ጮኸ። ቀሚሴ፣ ወንበሩ፣ የጎረቤቴ ኮት፣ ሁሉም ጠላ። ሰውዬው እየተነጫነጨ ቦታ ቀየረ። ስብርባሪውን በእጄ እለቅማለሁ፣ አለቅሳለሁ። አስተናጋጇ መጣች። የአገሬ ልጅ፣ ከእኔ የምታንስ።

«እህቴ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ጠላ።»

ልትስቅ ነበር። ፊቴን አየችና ተወችው። ለማን እንደሆነ ነገርኳት። ተንበርክካ የመጨረሻውን ጠርሙስ ሲባጎ ቆረጠች፣ ቡሹን አላላች። ፍስስስ አለ። «እንዲህ አድርገሽ ያዢው፣ ይተንፍስ» አለችኝ። ፎጣ አመጣችልኝ። ጠርሙሱ አሁን ጉልበቴ መሀል ነው። መተኛት አልችልም፤ ብተኛ ይደፋል።

ኅዳር 11፣ ስቶክሆልም

ፈታሹ ጠርሙሱን አሸተተ። ጓደኛውን ጠራ፤ እሱም አሸተተ። ቢራ ነው፣ እናቴ የጠመቀችው አልኩ። ጠላ የደረቀበትን ቀሚሴን አዩ፣ ክፍት ጫማዬን አዩ። በእጃቸው እለፊ አሉኝ።

ሆስፒታል። ግርማን አላወቅሁትም። አልጋ የተሳሳትኩ መስሎኝ ይቅርታ ብዬ ልወጣ ስል፣ «ሙሉ» አለኝ። ድምፁ ብቻ ነው የቀረው። ያ ትከሻ! ያ ትራክተር የሚገፋ ትከሻ!

ሐኪሙ እንዲጠጣ አልፈቀደም፤ መዋጥ አይችልም። ጥጥ ሰጡኝ። ነክሬ ከንፈሩን አረጠብኩለት። ዓይኑን ጨፈነ።

«ጌሾ አብዝታለች» አለ።

ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ልንገርሽ። እኔም አምኜ ነበር። ሰው ይስቅብናል እያልኩ፣ እናቴን እየናቅሁ፣ ከጠላው በኋላ ተነስቶ የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ በጉልበቴ ይዤ የመጣሁት ያን ተስፋ ነበር። ምንም አልሆነም። ምንም።

ኅዳር 14

በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል። ፀሐይ የላቸውም እነዚህ ሰዎች። ጠርሙሱ ከኮመዲኖው ላይ የለም፤ ሲያጸዱ ጥለውት ይሆናል። አልጠየቅሁም። ግርማም አልጠየቀም።

ኅዳር 17

እናቴን አሰላ ስልክ ቤት በቀጠሮ አስጠራኋት። መስመሩ ይንሿሿል። ጠጣ? አለች። ከንፈሩን አረጠብኩለት አልኩ። ተቋረጠ ብዬ ሃሎ ሃሎ ስል፦

«እንግዲያው ልጄን አምጪልኝ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 19

ወደ አገሩ ልውሰደው? ብዬ ሐኪሙን ጠየቅሁት። ራሱን ነቀነቀ። በረራውን አይችለውም፣ አየር ላይ ሊሞትብሽ ይችላል አለ። እዚህስ ቢቆይ? አልኩት። «ጥቂት ጊዜ» አለ። ጥቂት ስንት ነው? እጄን ያዘኝ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ምን ያደርግልኛል? ብወስደው እኔ እገድለዋለሁ። ብተወው ቋንቋውን በማያውቁ ሰዎች መሀል፣ በዚህ ጨለማ። እግዚአብሔር ለምን እኔን አስመረጠኝ? ለእናቴስ የትኛውን እነግራታለሁ?

ኅዳር 20፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ለግርማ ሁሉንም ነገርኩት። ሐኪሙ ያለውን፣ አየር ላይ የሚለውንም፣ አልደበቅሁም። ጣሪያውን እያየ ሰማኝ። ወደ ስዊድን ሲመጣ አውሮፕላኑ ላይ ሌላ ሰው መስኮቱን ይዞበት ምንም ሳያይ እንደመጣ ነገረኝ። ይህን አሁን ምን አመጣው? ብዬ ተገረምኩ።

«በመስኮቱ በኩል አስቀምጪኝ» አለ።

እሺ አልኩት። ወርጄ በራሴ ኃላፊነት ልወስደው ፈረምኩ። ሐሙስ እንነሳለን።