የጋሽ ፀጋዬን እንቁላል የታቀፈችው ዶሮ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም ሊዲ፣ ቤይሩት።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሰላም ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ያ የምትወጪው የምትወርጂው ደረጃ ዛሬም ያው ነው? አሠሪሽስ እሑድ እሑድ ለጸሎት እንድትወጪ ፈቀደችልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ሀኒ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስታወራ ታፏጫለች። የእማዬም ወገብ ሙቀቱ ከገባ ወዲህ ለቀቅ አድርጓታል።

ደህና ነን አልኩ እንጂ እኔስ ተቃጥያለሁ፣ እታለም። ለማንም በአፌ መናገር አልችልበትም። ታውቂኛለሽ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ነኝ። ስለዚህ በወረቀት ልንገርሽ።

ትተሽልኝ የሄድሽው ሦስት ዶሮ አሥራ አራት ደርሰው ነበር። እንዲሁ የበዙ አይደሉም። የትኛዋ የማን ልጅ እንደሆነች አንድ በአንድ አውቃለሁ። ያቺ አንገቷ ላይ ላባ የሌላት አንገተ መላጣዋ የኮምቦልቻ ሙቀት አይበግራትም፤ አንዴ ከታቀፈች ሃያ አንዱንም ቀን እንቁላሏን ትታ አትሄድም። ስለዚህ ከእሷና ከአውራው የተገኘውን እየመረጥኩ አስቀር ነበር። ጫጩት የምትረግጥ አላስታቅፍም፤ ቶሎ የምታቋርጥ አላስቀርም። እሷም አውራውም ገብስማ ስለሆኑ፣ እንደተቆላ ገብስ ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉ፣ ልጆቻቸውም አብዛኞቹ ገብስማ ወጡ። እኔ ቀለም ፈልጌ አይደለም።

ነጮቹ የፈረንጅ ዶሮዎች ደግሞ እንቁላሉን ይጥሉታል እንጂ መታቀፍ አያውቁም። በሰፈሩ ነጭ ዶሮ ያለው ሁሉ እንቁላሉን ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ፀጋዬም ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለላን ስድስት እንቁላል አስይዘው ላኩ። በከሰል ምልክት አድርጌባቸው፣ ከራሴ ስድስት ጋር አንገተ መላጣዋን አስታቀፍኳት።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ ከጎረቤታችን ከከይሪያ ጋር የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ሰኞ ገበያ ሄድን። የያዝኩት ሁለት ጎረምሳ ዶሮ ነው፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ገብስማ። አንዲት ሴትዮ መጣችና ቀዩን ዞር ብላ አላየችውም። ገብስማውን አንስታ ክንፉን ገለጠች፣ እግሩን አየች፣ ላባውን አንድ በአንድ መረመረች። ሥጋ ይኑረው አይኑረው እንኳ ዳበስ አላደረገችውም። ከይሪያ ጨዋታ ትወድ የለ፣ “ወላሂ እህቴ፣ ልጅሽን ልትድሪለት ነው ወይስ ወጥ ልትሠሪው?” አለቻት። ሴትዮዋ ሳትስቅ ገንዘቡን ቆጥራ ሰጥታኝ ገብስማውን ይዛ ሄደች። እኔ ግን የመረጥኩት ዶሮ ታየልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ለውቃቢ እንደምትፈልገው ከየት ልወቅ? በቤታችን ስለ ውቃቢ ማን አውርቶ ያውቃል?

ጋሽ ፀጋዬ የዚያን ዕለት ለጉዳይ ደሴ ፒያሳ ሄደው ኖሮ ሴትዮዋን ዶሮውን ይዛ አዩዋት፤ የእኛ ግቢ ዶሮ መሆኑንም ለዩት። ለምን እንደምትገዛም ያውቃሉ። ሐሙስ ሰው በእኛ ቤት ለጸሎት ሲሰበሰብ አነሱት። ለብቻዬ ጠርተው ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? በአሥራ ሰባት ሰው ፊት፣ ይህ ቤት ለባዕድ አምልኮ ዶሮ ያሳድጋል አሉ። ገብስማውም ቀዩም ጥቁሩም ከግቢው ይጥፋ፣ ቢሸጥ እዚያው ነው የሚሄደው፣ ታርዶ ይበላ፣ ነጩ ብቻ ይቅር አሉ። አባባ ላቡን እየጠረገ እሺ አለ። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ።

እታለም፣ ላባውንስ የሠራው ማን ነው? እኚሁ ጋሽ ፀጋዬ በገና ቤታችን ሲጋበዙ ፈረሰኛው የቀረበላቸው ከዚያው ከገብስማው ወንድም ነበር። ሁለት ጊዜ አስጨምረው እጃችሁ ይባረክ ብለዋል። ወጥ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ አልታያቸውም። ኃጢአት የሚሆነው በእግሩ ሲሄድ ብቻ ነው?

ዓርብ አውራው ታረደ። ራሴን አሞኛል ብዬ አልቀመስኩም። እማዬ አላመነችኝም፣ ግን አላስገደደችኝም። ቅዳሜ ደግሞ ተራው የአንገተ መላጣዋ ነው ተባለ። ከታቀፈች አሥራ ስድስት ቀኗ ነው። እንቁላሎቹስ ምን ይሆናሉ ያለ ሰው የለም። የማን እንደሆኑም ሁሉም ረስቷል።

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ሽንኩርት ስትልጥ እንቁላሎቹን ጭድ ባለበት ቅርጫት ደርድሬ እንዳይበርዳቸው በጋቢ ጠቀለልኳቸው። ዶሮዋን ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁ። መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። ጋሽ ፀጋዬ በረንዳቸው ላይ ቁርስ እየበሉ ነበር። ቅርጫቱን እግራቸው ሥር አስቀምጬ፣ “ጋሼ፣ ከሰል ያለባቸው ስድስቱ የእርስዎ ናቸው። አምስት ቀን ይቀራቸዋል። ዶሮዋ ዛሬ ስለምትታረድ እርስዎ ይታቀፏቸው” አልኳቸው።

እዚያው ቆምኩ እንጂ አልሸሸሁም። ወይዘሮ ወለላ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወጡ። “ይታቀፉ እንጂ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መቼ ሥራ አለዎት” አሏቸው። ጋሽ ፀጋዬ አልሳቁም። የተናገሩት ስለ መንፈሱ እንጂ ስለ ዶሮዋ እንዳልሆነ፣ ልጅ ስለሆንኩ እንዳልገባኝ አስረዱኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እንቁላላቸውን ቆጠሩ። ስድስቱም አሉ። እንግዲያው ይህችኛዋ ትቆይ፣ ለአባትሽ እነግረዋለሁ አሉ።

የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው፣ እታለም። ዶሮዬ የተረፈችው ጥፋት ስለሌለባት አይደለም፤ የእሳቸውን እንቁላል ስለታቀፈች ነው። አውራው የማንንም እንቁላል አልታቀፈም፣ ስለዚህ ተበላ።

አባባ ከሥራ ሲመለስ ጠርቶ፣ ሰው ቤት ሄደሽ እንደዚያ ያልሽው አንቺ ነሽ ወይ አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ደግሜ እኔ ነኝ አልኩ። የቀሩትም አይታረዱም አልኩት። እሺም እንቢም ሳይል ሊታጠብ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቢላዋው አልወጣም፤ እሱም ጥፋቱ የእኔ አይደለም ብሎ ለማንም አልተናገረም። በሰው ፊት ያስነቀፈኝን በሰው ፊት እንዲያነሳልኝ ጻፊለት፤ ያንቺን ቃል ይሰማል።

ሐሙስ ዘጠኝ ጫጩት ተፈለፈለ። ቢጫዎቹ አምስቱ የእሳቸው፣ አራቱ የእኔ ናቸው። ከአራቱ አንዱ እንደ አባቱ ገብስማ አውራ ከወጣ አልደብቀውም፤ ጋሽ ፀጋዬ ሲመጡ እፊታቸው ጥሬ እበትንለታለሁ።

እማዬ አንገትሽን አቅፋ ትስምሻለች፣ በቀዝቃዛ ውኃ እንዳትታጠቢ ብላለች። ሀኒ ጥርሷን እስክታበቅል ፎቶ አልነሳም ብላለች። ከይሪያ፣ አንቺ በሌለሽበት ገበያው ቀዘቀዘ በይልኝ ብላለች። አባባም ሰላም ይልሻል፤ ይህን ሁሉ እንደጻፍኩልሽ ግን አያውቅም።

አክባሪ እህትሽ ሔርሜላ
ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 17 ቀን 1994 ዓ.ም.