የእኛ ዘር ልብ

ህዳር 3
ገበያችን ዱባይ ተራ ዛሬ ጭር ብሏል። ሁለት ጥንድ የልጅ ጫማ ብቻ ሸጥኩ... ልጄ ሱሀይር ከትምህርት ቤት ሮጣ መጣች። "ኡሚ፣ ለአርቡ ሩጫ ተመረጥኩ!" አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷም እግሯም እኩል ይፈጥናል። ለእሷ አላሳየኋትም እንጂ ደስ ብሎኛል።

ህዳር 5
ሱሀይር ሩጫውን ልትጨርስ ስትል ዘጭ! "የሚጥል በሽታ ነው፣ ክብሪት!" ተባለ። እኔስ? እናት ተብዬዋ ክብሪቱን ነጥቄ ለኩሼ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። በራሷ ጊዜ ነቃች። "ስንተኛ ወጣሁ?" አለች።

ህዳር 9
ሐኪሟ ልቧን በማሽን ካየች በኋላ "ከቤተሰብ በልጅነቱ ድንገት የሞተ አለ?" አለችኝ። ፉርቃን... ወንድሜ። በአስራ አንድ ዓመቱ ኳስ ሲያባርር ወደቀ፣ በዚያው ቀረ። "አጀሉ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው" ብለን ቀበርነው።
ስትሮጥ የልቧ ምት ይዛባል። በዘር የሚሄድ ነው። በየቀኑ ኪኒን፣ ውድድር የለም። "ክብሪቱስ?" አልኩ አፍሬ። "ለልብ ምንም አይሠራም። ካልነቃችና ካልተነፈሰች አምቡላንስ እየተጠራ ደረቷን መጫን ነው" ብላ አሳየችን። የሌላው ወንድሜ የሰላሁዲን ልጆችም መታየት አለባቸው... እሱን ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

ህዳር 12
እኔው ነገርኩት። ታላቄ ነው፤ አንዋር መስጊድ ጋ ጨርቅ ያከፋፍላል። "ሉብና፣ ልጆቼን በሽተኛ ልታሰኚብኝ ነው? ነገ ማን ያገባቸዋል?" አለኝ። እልኸኛ! አልቅሼ ተመለስኩ።

ህዳር 20
ሱሀይር ሳትነግረኝ ሰላሁዲን ሱቅ ሄዳለች። ደንበኛ ፊት! "አጎቴ፣ እኔ ኪኒኔን እውጣለሁ። ልጅዎ ሀፍሷ ብትወድቅስ ምን ሊሉ ነው? አጀሏ ነው?" ብላዋለች። ከየት አመጣችው? እኔማ ፈሪ ነኝ።
ሰላሁዲን ደወለ። "ልጅሽ ባለጌ ናት!" ቀጥሎ ደግሞ... "ሐኪሟ ስንት ሰዓት ትገባለች?"

ታህሳስ 6
ሰላሁዲን ልጆቹን አስመረመረ። ትልቁ ደህና። ትንሿ ሀፍሷ ግን አለባት። አንድ ቀን እንኳ ወድቃ አታውቅም! ዛሬ ኪኒን ጀመረች። አልሃምዱሊላህ፣ ቀድመን ደረስን።

ጥር 15
ከጁምዓ በኋላ ሰላሁዲን ሱቁ በር ላይ ለነጋዴዎቹ ሲናገር እኔና ሱሀይር ደረስን። "ልጃችሁ ሲሮጥ ራሱን ከሳተ ልቡን አሳዩ። በእኛ ዘር አለ። ወንድማችን ፉርቃን..." ስሙን ካፉ ከሰማሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሱሀይር መሀል ገብታ የቀረውን ጨረሰችለት፤ ደረት እንዴት እንደሚጫን ጭምር፣ ከጨርቅ ጥቅል ላይ እያሳየች። ያ ሁሉ ጎልማሳ አፍ አፏን ያያል።
አንድ ሽማግሌ "ይቺ የማን ልጅ ናት?" አሉ።
እኔና ሰላሁዲን እኩል አፋችንን ከፈትን። "የእኔ!"